ፊልትሮና ሬጉሌተር ስንመርጥ፦ ከዋጋው በፊት የውሃው ነገር

የመኪና በር ተቀጥቅጦ ተስተካክሎ፣ ስቱኮ ተለጥፎበት፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሲያበቃ የመጨረሻው ቀለም ይረጫል። ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ካወጣ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቀለሙን፣ ቀጥሎም ቲነሩን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም፤ በጎማው የመጣው አየር ውሃና ዘይት ይዞ ደርሷል። በአየር የሚሠራው የብሎን መፍቻ ውስጡ የሚዝገው፣ የጥርስ ሐኪሙ መሣሪያ ያለ ዕድሜው የሚያልቀው፣ በፋብሪካ ውስጥ ቫልቮች እየተጣበቁ ማሽን የሚያስቆሙት በአብዛኛው ከዚሁ የተነሣ ነው። ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ተብሎ የሚገዛው በአየር መስመሩ ላይ የሚገጠመው ፊልትሮና ሬጉሌተር ነው። ፊልትሮው ያጠራል፣ ሬጉሌተሩ ግፊቱን ወደሚፈለገው ልክ ያወርዳል።

ዕቃው የሚሸጥበት ሱቅ ስንገባ የምንጠየቀው “ሩብ ኢንች ነው ግማሽ?” ተብለን ነው። ከዚያ ዋጋ ይከተላል። እኔ ግን አመራረጡ ከሌላኛው ጫፍ መጀመር አለበት እላለሁ። አስቀድሞ አየሩ የሚሠራው ሥራ ይታወቅ፤ ቀጥሎ በመስመሩ ላይ እንፋሎቱ የት ቦታ ላይ ወደ ውሃነት እንደሚቀየር ይታይ፤ ከዚያ በደቂቃ የሚፈሰው አየር ይለካ። የጥርሱ ልክና ዋጋው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጡ። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው ጥሩ ዕቃ ተገዝቶ መጥፎ ሥራ የሚወጣው።

ከውሃው እንነሣ፤ ትልቁ ነገር እርሱ ነውና። በዙሪያችን ያለው አየር ሁልጊዜ የውሃ እንፋሎት አለበት። ኮምፕረሰሩ ያንን አየር ስቦ ሲያምቀው እንፋሎቱም አብሮ ይታመቃል፤ የታመቀው አየር ሲቀዘቅዝ ደግሞ መሸከም ያልቻለውን ውሃ አድርጎ ይጥለዋል። አዲስ አበባን እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የከባቢ አየር ግፊቷ 0.76 ባር አካባቢ ነው። በክረምት የአየሩ ሙቀት 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 80 በመቶ ቢሆን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 12 ግራም ያህል እንፋሎት ይኖራል። በደቂቃ 300 ሊትር የሚስብ መካከለኛ ኮምፕረሰር ስድስት ሰዓት ሲሠራ 108 ሜትር ኩብ አየር ያስገባል። አየሩ 8 ባር ድረስ ታምቆ ወደ 25 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ላይ በእንፋሎትነት የሚቀረው 2 ግራም ብቻ ነው። የተቀረው ውሃ ይሆናል፤ በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ከታንኩ ሥር፣ ከቧንቧው ሆድ ወይም ከመርጫው አፍ አንዱ ጋ መውጣቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያባክን ስሕተት አለ። ፊልትሮ የሚይዘው ውሃ ሆኖ የደረሰውን ብቻ ነው፤ እንፋሎትን አይይዝም። የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን፣ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ እንፋሎት በውስጡ እንደ አየሩ ያልፋል። ኮምፕረሰሩ እየሠራ ሳለ ከታንኩ የሚወጣው አየር ሙቅ ነው። ፊልትሮው ከታንኩ አፍ ላይ ተገጥሞ አየሩ በ40 ዲግሪ ቢያልፍበት፣ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ጋር ከ4 ግራም በላይ እንፋሎት አብሮ ያልፋል። አየሩ በረጅሙ ጎማ ውስጥ ሄዶ 20 ዲግሪ ሲደርስ ከዚያ ውስጥ 3 ግራም የሚጠጋው ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ያውም ፊልትሮውን ካለፈ በኋላ። ባለቤቱ “ፊልትሮው አይሠራም” ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሁለተኛውንም እዚያው ቦታ ላይ ይገጥመዋል።

ስለዚህ ከፊልትሮ በፊት የሚያስፈልገው ማቀዝቀዝ ነው። ለአነስተኛ ጋራዥ ከሁሉ የሚረክሰው መንገድ የብረት ቧንቧ ነው። ከታንኩ ወጥቶ ግድግዳ ለግድግዳ ሰባት፣ ስምንት ወይም አሥር ሜትር ሲሄድ አየሩ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይቀርባል። ቧንቧው ከአንድ ሜትር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይዘርጋ። በዝቅተኛው ጫፉ የውሃ ማስወጫ ቧንቧ ይደረግለት። ወደ መሣሪያው የሚወርደው ቅርንጫፍ ከዋናው ቧንቧ በላይኛው ጎን ተነሥቶ፣ ዞሮ ይውረድ፤ ከታች በኩል ከተነሣ በቧንቧው ሆድ የተኛውን ውሃ በሙሉ ይቀበላል። ፊልትሮው የሚቀመጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ መሣሪያው አጠገብ ነው። ለዚህ ሥራ የፕላስቲክ ፒ.ቪ.ሲ. ቧንቧ መጠቀም አይገባም፤ በአየር ግፊት ሲሰበር ስለታም ስብርባሪ ሆኖ ይበተናልና።

ቧንቧው በቂ የማይሆንበት ሥራ ማድረቂያ ማሽን ይጠይቃል። በማቀዝቀዝ የሚያደርቀው ዓይነት አየሩን በግፊት ላይ እንዳለ ወደ 3 ዲግሪ ያወርደዋል፤ ከዚያ በኋላ የመስመሩ ሙቀት ከ3 ዲግሪ በታች ካልወረደ ውሃ አይፈጠርም። ለአዲስ አበባ ወርክሾፕ ይህ ከበቂ በላይ ነው። እርጥበት በሚመጥጡ ቅንጣቶች የሚያደርቀው ሌላው ዓይነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል፤ ለመድኃኒት ፋብሪካና ለመሳሰሉት ካልሆነ ወጪው አይመከርም።

ወደ ፊልትሮው እንግባ። የተለመደው ፊልትሮ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አየሩ ሲገባ ጠማማ ክንፎች ያሽከረክሩታል፤ የውሃው ጠብታ በክብደቱ ከሥሩ ወዳለው ብርጭቆ ግድግዳ ይወረወርና ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ አየሩ በማጥሪያው ውስጥ ከውጭ ወደ ውስጥ ያልፋል፤ ዝገትና አቧራ እዚያ ይቀራል። ይህ ሽክርክሪት የሚሠራው ፍሰቱ ልክ ሲሆን ነው። ፍሰቱ ከመጠን በላይ ከሆነ የተጠራቀመውን ውሃ መልሶ ያነሣዋል፤ በጣም ካነሰ ደግሞ ሽክርክሪቱ ይደክማል። ለአንዲት ትንሽ መሣሪያ የአንድ ኢንች ፊልትሮ መግጠም “ትልቅ ይሻላል” በሚል የሚደረግ ቢሆንም ጥቅም አይሰጥም።

የማጥሪያው ረቂቅነት በማይክሮን ይለካል። 40 ማይክሮን ለብሎን መፍቻ፣ ለመዶሻ፣ ለአየር መንፊያ ይበቃል። 5 ማይክሮን ለቫልቮችና ለሲሊንደሮች የተለመደው ነው፤ ጥርጣሬ ካለ 5 ማይክሮኑን መምረጥ የማያስቆጭ ነው። ሁለቱም ግን ከኮምፕረሰሩ በጭጋግ መልክ የሚወጣውን ዘይት አይይዙም፤ የዘይቱ ብናኝ በአብዛኛው ከአንድ ማይክሮን በታች ነውና። ለእርሱ የተሠራው ኮአሌሲንግ የሚባለው ፊልትሮ ነው። በዚህ ውስጥ አየሩ በተቃራኒው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በረቂቅ የመስታወት ክር መካከል ሲያልፍ ጥቃቅኑ የዘይት ብናኝ እርስ በርሱ እየተያያዘ ጠብታ ይሆንና ይንጠባጠባል። ረቂቁ ዓይነት 0.01 ማይክሮን ተብሎ የሚሸጠው ሲሆን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚያሳልፈው ዘይት 0.01 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ይህን ዕቃ ብቻውን መግጠም ግን እርሱን መግደል ነው። ከፊቱ 5 ማይክሮን ፊልትሮ ከሌለው በዝገትና በውሃ በጥቂት ሳምንታት ይደፈናል። የዘይት ሽታና እንፋሎት የሚይዘው የከሰል ፊልትሮ ደግሞ ከኮአሌሲንጉ ቀጥሎ ይመጣል። የከሰሉ ክፋት ማለቁ አለመታወቁ ነው፤ ሌሎቹ ሲደፈኑ ግፊት ይወርዳል፣ ከሰሉ ግን ጠግቦም አየሩን እንደልማዱ ያሳልፋል። በቀን መቁጠሪያ መቀየር አለበት።

በካታሎግ ላይ ሦስት ቁጥሮች በሁለት ነጥብ ተለያይተው ከታዩ፣ ለምሳሌ 1፡4፡1 ተብለው፣ የዓለም አቀፉ ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ. 8573-1 አጻጻፍ ነው። የመጀመሪያው ለአቧራ፣ መካከለኛው ለውሃ፣ ሦስተኛው ለዘይት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ንጽሕናው ይበልጣል። ገዢው መካከለኛውን ቁጥር ልብ ይበል። የውሃ ደረጃ 4 ማለት በግፊት ላይ ሆኖ ከ3 ዲግሪ በላይ ውሃ የማይፈጥር አየር ነው፤ ከላይ እንዳልኩት ያንን የሚያመጣው ማድረቂያ ብቻ ነው። ፊልትሮ ብቻውን ይህን ደረጃ ይሰጣል የሚል ሻጭ ካጋጠመ አለመግዛት ነው።

ሬጉሌተሩ ከውጭ ቀላል ይመስላል፤ ውስጡ የሚያስደንቅ ሚዛን ነው። ከላይ፣ በሚዞረው ጉልላት የሚጠብቀውና የሚላላው ሞላ ይጫናል፤ ከታች የወጣው አየር ዲያፍራም የሚባለውን ተጣጣፊ ሽፋን ወደ ላይ ይገፋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ቫልቩ ይዘጋል። መሣሪያው አየር ሲወስድ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞላው ያሸንፋል፣ ቫልቩ ይከፈታል። ከዚህ አሠራር አንድ የማይቀር ነገር ይወለዳል፦ አየር እንዲፈስ ቫልቩ መከፈት አለበት፤ ቫልቩ እንዲከፈት ደግሞ ግፊቱ ትንሽ መውረድ አለበት። ስለዚህ ምንም ሳይፈስ 6 ባር ላይ የተስተካከለ ሬጉሌተር መሣሪያው ሲነካ 5.5 ወይም 5 ባር ሊሰጥ ይችላል። ጉድለት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ጥሩ ሬጉሌተር ከመጥፎው የሚለየው ይህ መውረድ ምን ያህል ነው በሚለው ነው። ጥሩ አምራቾች በካታሎጋቸው ላይ ፍሰቱ ሲጨምር ግፊቱ እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳይ መስመር ይሥላሉ። ያ ሥዕል የሌለው ዕቃ “1,500 ሊትር በደቂቃ” ተብሎ ቢጻፍበት ቁጥሩ ብዙ አይነግረንም፤ በምን ያህል የግፊት መውረድ እንደተገኘ አልተነገረንምና። ከዚሁ የሚከተል የአሠራር ምክርም አለ፦ ግፊት የሚስተካከለው የመርጫው ምላስ ተስቦ አየር እየፈሰሰ ነው። በተዘጋ መስመር ላይ 2 ባር ተብሎ የተቀመጠው ሲረጭ 2 ባር አይሆንም።

ከዓይነቶቹ መካከል ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚገዛው ልዩነት ትርፍ ግፊትን የሚያስወጣውና የማያስወጣው ነው። የሚያስወጣው ዲያፍራሙ መካከል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ከ6 ባር ወደ 2 ባር ዝቅ ሲደረግ በጎማው ውስጥ የቀረው ትርፍ በዚያ በኩል ሸሽቶ ይወጣል። የማያስወጣው ግን ጉልላቱ ቢላላም መሣሪያው አየሩን እስኪጠቀምበት ድረስ የፊቱን ግፊት ይዞ ይቆያል። ለአየር ሁልጊዜ የሚያስወጣው ይመረጥ። የማያስወጣው ቦታው ሌላ ነው፤ ወደ ክፍሉ እንዲወጣ የማይፈለግ ጋዝ ወይም ፈሳሽ የሚያልፍበት መስመር ላይ። ትርፍ ያስወጣል ማለት ግን የአደጋ መከላከያ ቫልቭ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የሚያስወጣው አየር ጥቂት ነው። ከጉልላቱ ሥር ሳይቋረጥ “ስስስ” የሚል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ወይ ዲያፍራሙ ተቀድዷል ወይ የቫልቩ መቀመጫ ላይ ቆሻሻ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜ ፈትቶ ማጽዳት ይበቃዋል።

በዲያፍራምና በፒስተን መካከል የሚመርጥ ሰው ትንሽ ግፊት በትክክል ከፈለገ ዲያፍራሙን፣ ብዙ ፍሰትና ጠንካራ አካል ከፈለገ ፒስተኑን ይያዝ። የሞላውም ልክ ይታይ። እስከ 8 ወይም 10 ባር የሚሄድ ሞላ 2 ባር ላይ ሲሠራ ጉልላቱን በትንሹ ማዞር ግፊቱን ብዙ ያንቀሳቅሰዋል፤ ለቀለም ሥራ እስከ 4 ባር ብቻ የሚሄደው ሞላ እጅግ የተሻለ ነው። የግፊት መለኪያው ማኖሜትርም እንዲሁ ነው፤ የምንሠራበት ግፊት ከመደቡ መካከል አካባቢ ቢያርፍ ንባቡ ይታመናል። ለመለኪያና ለላቦራቶሪ የሚሠሩት ረቂቅ ሬጉሌተሮች፣ በትንሽ የአየር ትእዛዝ የሚንቀሳቀሱት ትልልቆቹ፣ በኤሌክትሪክ ምልክት ግፊት የሚቀያይሩትም አሉ። እነዚህ የሚገዙት በመሐንዲስ ስሌት ስለሆነ እዚህ አልገባባቸውም፤ አንድ ነገር ብቻ፦ ረቂቆቹ ባሕርያቸው ሆኖ ሁልጊዜ ጥቂት አየር ያስወጣሉ፤ ያንን ለማስቆም ተብሎ ቀዳዳቸው መደፈን የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር፦ በአንድ አካል የተሠራው ፊልትሮ-ሬጉሌተር ወይስ ለየብቻ የቆሙ ሁለት ዕቃዎች? በአንድ አካል የተሠራው ላይ አየሩ መጀመሪያ ከታች ባለው ፊልትሮ ይጠራና ወደ ላይ ወጥቶ በሬጉሌተሩ ያልፋል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ቦታ አይዝም፣ መጋጠሚያው ስለሚያንስ የሚያፈስበት ቦታም ያንሳል። ለጎሚስታ፣ ለእንጨት ቤት ሚስማር መምቻ፣ ለአንድ ማሽን ብቻ የሚሆን መስመር ከሆነ ከዚህ ውጪ መፈለግ ትርፍ ወጪ ነው። ፊልትሮው ከሬጉሌተሩ የሚቀድመውም በምክንያት ነው። ከፍ ባለ ግፊት ላይ አየሩ እንፋሎት የመሸከም አቅሙ ያንሳል፤ ስለዚህ ውሃው እዚያ ይያዛል። ግፊቱ ወደ 2 ባር ከወረደ በኋላ ያው አየር ይሰፋና መልሶ ደረቅ ይሆናል። ከላይ ባየነው ስሌት በ8 ባርና በ20 ዲግሪ 1.5 ግራም ብቻ የሚሸከመው አየር በ2 ባር ወደ 5 ግራም የሚጠጋ ይሸከማል።

ለቀለም ቤት ግን ለየብቻ የቆሙትን እመክራለሁ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም። ምክንያቱ ኮአሌሲንጉ ነው። በአንድ አካል በተሠራው ውስጥ ኮአሌሲንጉን ከፊልትሮውና ከሬጉሌተሩ መካከል ማስገባት አይቻልም፤ ከሬጉሌተሩ በኋላ መምጣት ግድ ይሆንበታል። እዚያ ደግሞ ግፊቱ 2 ባር ስለሆነ ያው አየር ሦስት እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል፤ በክሩ መካከል በፍጥነት ያልፋል፤ ዘይቱን በደንብ አይጥልም። እንዲሠራ ከተፈለገ ኮአሌሲንጉ ራሱ በጣም ትልቅ መሆን አለበት። ተለያይተው ሲቆሙ ግን ቅደም ተከተሉ ይስተካከላል፦ 5 ማይክሮን፣ ኮአሌሲንግ፣ ከዚያ ሬጉሌተር። ሁለተኛው ጥቅም ቅርንጫፍ ላይ ይታያል። አንድ ፊልትሮ ጠርቶ ካወጣው አየር ላይ ለመርጫው 2 ባር፣ ለመፈግፈጊያው 6 ባር የሚሰጡ ሁለት ሬጉሌተሮች ማስነሣት ይቻላል። ገና ለሚጀምር ሰው መካከለኛ መንገድም አለ፤ በቁራጭ ማያያዣ እየተጋጠመ የሚያድገውን ዓይነት መግዛት። ዛሬ ፊልትሮውንና ሬጉሌተሩን ለየብቻ የገዛ ነገ ኮአሌሲንጉን በመካከላቸው ይጨምራል፤ ቧንቧ መቁረጥ አያስፈልገውም።

ከዚህ በታች የምለው የሰው አካልን የሚመለከት ስለሆነ በርጋታ ይነበብልኝ። ከፊልትሮው ሥር ያለው ግልጽ ብርጭቆ መስታወት አይደለም፤ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ውሃው ምን ያህል እንደሞላ ስለሚያሳይ ይወደዳል፤ ርካሽም ነው። አብዛኛው እስከ 10 ባርና እስከ 50 ወይም 60 ዲግሪ ድረስ እንዲሠራ የተፈቀደ ነው። ጠላቱ ግን ቲነር ነው። አሴቶን፣ ቲነር፣ ቤንዚን፣ አንዳንድ ሠራሽ የኮምፕረሰር ዘይት፣ የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ፣ የእነዚህ እንፋሎት ሳይቀር ፕላስቲኩን ይጎዳዋል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል፤ ከዚያ አንድ ቀን በግፊት ላይ እንዳለ ይፈነዳል። ሥራው በሙሉ በቲነር መካከል የሆነ ሰው ደግሞ የቆሸሸ ነገር ሁሉ የሚያጥበው በቲነር ነው። የቀለም ቤቱ ፊልትሮ የሚታጠበው በሳሙናና በውሃ ብቻ ነው፤ ይህን ከግድግዳው ላይ ጽፎ መለጠፍ ይገባል። ብርጭቆው ላይ የመረብ ስንጥቅ ወይም ጭጋግ ከታየ ዛሬውኑ ይቀየር። ብርጭቆውን የሚሸፍነው የብረት መከላከያም “ውሃው አይታየኝም” ተብሎ አይጣል፤ የተሠራው ፍንዳታውን ለመያዝ ነው።

የእኔ ፍርድ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ቀለም በሚረጭበት ቤት፣ ከኮምፕረሰሩ ራስ አጠገብ፣ ደግሞም እንደ ሠመራና ድሬዳዋ ባለ ሙቅ ቆላ ውስጥ የብረት ብርጭቆ ይገዛ። የብረቱ እንደ አምራቹ 16 ባር ገደማና 80 ዲግሪ ይችላል። ውሃው እንዲታይ በጎኑ ጠባብ መመልከቻ ያለውም አለ። የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች ጠርሙስ የሚነፉበት አየር ደግሞ እስከ 40 ባር ስለሚደርስ፣ ከላይ የተነገሩት ዕቃዎች አንዳቸውም በዚያ መስመር ላይ አይገጠሙም፤ ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ ሌላ ቤተሰብ አለ።

የተጠራቀመውን ውሃ ማን ያስወጣዋል? በእጅ የሚከፈተው ርካሽ ነው፤ የሚሠራው ግን አንድ ኃላፊነቱ የታወቀ ሰው በየቀኑ ሲከፍተው ነው። ውሃው በማጥሪያው ሥር ካለው መከለያ በላይ ከደረሰ አየሩ መልሶ ይጠጣውና ፊልትሮው ከነአካቴው እንደሌለ ይሆናል። ግፊት ሲጠፋ ራሱን የሚከፍተው ከፊል አውቶማቲክ ማታ ማታ ኮምፕረሰር ለሚያጠፋ ቤት እጅግ ይስማማል፤ የቀኑን ውሃ ሌሊት ያፈሰዋል። በተንሳፋፊ የሚሠራው አውቶማቲክ ቀን ከሌት ለሚሠራ ፋብሪካና እጅ ለማይደርስበት ከፍታ ነው፤ ዝገትና የዘይት ዝቃጭ ስለሚያጣብቀው እርሱም መታየት አለበት።

መጠን ላይ ስንደርስ ሁለት ነገር ይደባለቃል፤ የጥርሱ ልክና የአካሉ ልክ። አንድ ትንሽ አካል ግማሽ ኢንች ጥርስ ሊቆረጥለት ይችላል፤ ውስጡ ያለው ቫልቭ ግን ያው ጠባቡ ነው። ስለዚህ ሩብ ወይስ ግማሽ ከማለት በፊት መሣሪያው በደቂቃ ስንት ሊትር ይወስዳል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በዝቅተኛ ግፊት የሚረጨው ኤች.ቪ.ኤል.ፒ. መርጫ በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ሊትር ሊወስድ ይችላል፤ ብዙ አየር ይጠጣል። ሬጉሌተሩ ትልቅ ሆኖ ጎማው የቀጠነ፣ መጋጠሚያው የጠበበ ከሆነም ድካሙ ከንቱ ነው።

ከፍታው እዚህ ላይ እንደገና ይመጣል። በውጭ አገር ካታሎግ ላይ የተጻፈው ፍሰት የባሕር ወለል አየርን መነሻ ያደረገ ነው። በአዲስ አበባ ያው ኮምፕረሰር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በክብደት ሩብ ያህል ያንሳል፤ 7 ባር ላይ የሚሠራው መሣሪያ ግን የሚፈልገው ከሞላ ጎደል ያንኑ ነው። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ ላይ ከሩብ በላይ መጨመር ያስፈልጋል፤ ፊልትሮና ሬጉሌተሩን ግን በዚህ ምክንያት ማሳደግ አያስፈልግም፤ የሚያልፍባቸው የታመቀ አየር ብዙም አይለወጥምና። ግፊቱ ሲያንሰው ሬጉሌተሩን የሚወቅስ ሰው አስቀድሞ ኮምፕረሰሩን ይመልከት። በአየር መስመር ላይ ለመሣሪያው ዘይት የሚጨምረውን ዘይት ማርከፍከፊያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለዓለም ያስተዋወቀው የኖርግሬን ኩባንያ የተመሠረተው በዴንቨር መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ እርሷም 1,600 ሜትር ላይ ያለች ደጋ ናት።

ጥርሱን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። በገበያችን የእንግሊዝ ቢ.ኤስ.ፒ. እና የአሜሪካ ኤን.ፒ.ቲ. ጥርስ ያላቸው ዕቃዎች ጎን ለጎን ይሸጣሉ። በሩብ ኢንች አንዱ በኢንች 19፣ ሌላው 18 ጥርስ ስላለው ቶሎ ይያዛሉ፤ ይታወቃል። በግማሽ ኢንች ግን ሁለቱም 14 ናቸው፤ የጥርሱ ማዕዘን ብቻ ይለያያል፤ አንደኛው 55 ሌላው 60 ዲግሪ። ስለዚህ ይጋጠማሉ፣ የገጠሙም ይመስላሉ፣ ቴፍሎን ቢጠቀለልባቸውም ያፈሳሉ። ያንን ለማቆም በኃይል ሲጠበቅ የሬጉሌተሩ አሉሚኒየም አካል ይሰነጠቃል።

ከሥራዎቹ ሁለቱ የተለየ ቃል ይገባቸዋል። ዘይት ማርከፍከፊያው፣ ብዙ ጊዜ ከፊልትሮና ከሬጉሌተር ጋር ሦስተኛ ሆኖ የሚሸጠው፣ ለብሎን መፍቻ ያስፈልጋል፤ ለቀለም መስመር ግን መርዝ ነው፤ ዘይት አንድ ጊዜ የሄደበት ጎማም ለቀለም አይመለስም። ሁለተኛው መተንፈሻ ነው። ሁለት ውህድ የሆነውን የመኪና ቀለም የሚረጭ ሰው ለጭምብሉ ከዚሁ መስመር አየር ቢሰጠው የሚበቃ የሚመስለው አለ። ፊልትሮው፣ ኮአሌሲንጉ፣ ከሰሉም ቢሆን ካርቦን ሞኖክሳይድን አይይዙም፤ የጋለ የኮምፕረሰር ዘይት ወይም በአጠገቡ የቆመ መኪና ጭስ ይህን ጋዝ ሊያመጣ ይችላል። ለመተንፈሻ የተሠራና በየጊዜው የሚመረመር ሌላ ሥርዓት ያስፈልገዋል። በአየር ልብስን ማራገፍም እንዲሁ የተለመደ አደጋ ነው፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ ለጽዳት የሚውል አየር ከ2 ባር ጥቂት በላይ እንዳይሆን የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሬጉሌተር ዋጋ በመብራት ሂሳብም ይመለሳል። በ7 ባር አካባቢ ኮምፕረሰሩን በአንድ ባር ከፍ ማድረግ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። የተደፈነ ፊልትሮ አንድ ባር ሲበላ ሰው የሚያደርገው ደግሞ ኮምፕረሰሩን አንድ ባር ከፍ ማድረግ ነው። ብዙ አምራቾች ማጥሪያው ከ0.7 እስከ 1 ባር ግፊት ማውረድ ሲጀምር ወይም ጊዜው ሲደርስ እንዲቀየር ያዛሉ። ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ሁለት ማኖሜትር ያለው ቤት ይህን በዓይኑ ያየዋል።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት የመጨረሻው ጥያቄ የመለዋወጫው ነው። ማጥሪያው፣ ብርጭቆው፣ ዲያፍራሙና የጎማ ቀለበቱ ለብቻቸው ይሸጣሉ ወይ? ስማቸው የታወቁት ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይሰጣሉ። አጠቃላዩ ዕቃ ርካሽ ሆኖ ማጥሪያው ከገበያ የማይገኝ ከሆነ ባለቤቱ ከአንድ ዓመት በኋላ የተደፈነውን አውጥቶ ባዶውን ብርጭቆ ይገጥመዋል። ስለዚህ ገዢው ዕቃውን ሲገዛ ሁለት ማጥሪያ አብሮ ይግዛ፤ ሻጩ ሁለቱን ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ሱቅ ይሂድ።